ከመርዶው አንድ ሌሊት በፊት

ይህን የምጽፍላችሁ ከሥራ ገብቼ እግሬን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። የምሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንሶላ አጥፋለሁ። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢያነክስ እግሬን አስቡና ማሩኝ።

የሺ እባላለሁ። ቶሮንቶ ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ክሬሰንት ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳድጌ፣ ኮሌጅ አስገብቼ፣ አንዱን ለካልጋሪ አንዱን ለቫንኩቨር አስረክቤ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሁለቱም የተማሩት በመንግሥት የተማሪዎች እርዳታ ነው። እርዳታ ይባል እንጂ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር ነው። ማመልከቻው የወላጅን ገቢ ይጠይቃል፤ ያገባ ነው የፈታ ነው ይላል፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ሳይቀር ይመረምራል። ለልጆቼ ስሞላ ስሞላ ለመድኩት። ከዚያ ጎረቤት መጣ፣ የጎረቤት ጓደኛ መጣ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ሳሎኔ ቀበሌ መሰለ። “የሺ ጋ ሂጂ፣ እሷ አፕላይ ታደርግልሻለች” ይባላል። እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል ሆኖ አይደለም። ሰው የቱ ገጽ ላይ እንደሚደናገር ስለማውቅ ብቻ ነው። የባልን ገቢ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ባልና ሚስት ፊቴ ተጣልተው ሻይ እያፈላሁ አስታርቄ አውቃለሁ።

የማወራችሁ ግን ስለ አንድ ዓርብ ነው።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ሙሉነሽ ትኖራለች። ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። የምትኖረው ከልጇ ከሳምራዊት ጋር ነው። ባሏ ደረጀ እዚያው አገር ቤት፣ ደሴ ከተማ አስተማሪ ነበር። ሙሉ ቀድማ መጥታ ባሏም ልጇም እንዲመጡ አመለከተችላቸው፤ የልጅቷ ተሳካ፣ የእሱ ጉዳይ “በሂደት ላይ ነው” እንደተባለ ቀረ። በየእሑዱ ይደውላል። ሳምሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትጨርስ ነበር፤ አንድ ኮሌጅ ለነርስነት ተቀብሏታል። እሱ ግን “ዶክተር” ነው የሚላት። “ነርስ ነው እኮ አባዬ” ስትለው፣ “ምን ቸገረን፣ እሱን ጨርሰን እንቀጥላለና” ይላታል። እኔም እዚያው ተቀምጬ ስሰማው ስቄያለሁ።

ሰኔ ሲገባ ደረጀ ሞተ። ክፍል ውስጥ ቆሞ እያስተማረ ነው የወደቀው። ልቡ ነው አሉ።

ስልኩ የተደወለው ለሙሉ አይደለም፤ ለጋሽ በቀለ ነው። ጋሽ በቀለ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በእኛ ሰፈር መርዶ የሚያልፈው በሳቸው በኩል ነው። ሳምሪ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ሙሉን ወደ እኔ ቤት ጠርተን ነገርናት። አንድ ጊዜ ብቻ “ወይኔ!” አለችና አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ትንሽ ቆይታ እጇን ስታነሳ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል “ሳምሪ ፈተና አላት” የሚል ነበር።

እዚያው ተወሰነ። ፈተናዋን እስክትጨርስ አይነገራትም። የመጨረሻው ፈተና ዓርብ ጠዋት ነው። የሙሉ ወንድም ግርማ ዓርብ ማታ ከኦታዋ ይገባል፤ ቅዳሜ ማለዳ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይነገራታል። ይህ ለምን እንደሚደረግ ለእናንተ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ሁላችንም እንዲህ ተደርጎልን ነው ያደግነው።

ልጅቷ አባቷን ስትጠይቅ “ለስልጠና ገጠር ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም” እንድትባል ተስማማን። እሷም ብዙ አልጠየቀችም። ይሄ ራሱ ሊያነቃን ይገባ ነበር፤ ግን ማናችንም በጭንቅላታችን አልነበርንም። ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ እኔ ጋ ትመጣና መታጠቢያ ቤቴ ገብታ ቧንቧውን ትከፍተዋለች። ውሃው ይወርዳል፤ እሷ ትነፋረቃለች፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ፊቷን አብሳ ትወጣና ፈገግታ ለብሳ ወደ ልጇ ትወጣለች። ከሥራ ልብሷ ሥር ጥቁር ካናቴራ ትለብሳለች። ሌሊት አልጋዋን ትታ መሬት ላይ ትተኛለች፤ ለልጅቷ “ወገቤን አሞኝ ነው” ትላለች። ባሏን በስርቆሽ ነበር የምታለቅሰው።

ለነገሩ እኔም በዚያው ሰሞን የምደብቀው ነበረኝ። ጡቴ ላይ አንድ ነገር አግኝተው ናሙና ሊወስዱ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ሩቅ ናቸው፣ ሥራ አለባቸው፣ ጭንቀት እንጂ ምን ይጨምርላቸዋል ብዬ። ሲደውሉ “ደህና ነኝ፣ ኧረ እንዲያውም ወፍሬያለሁ” እላቸዋለሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሙሉ ቤቴን በርግዳ ገባች።

“የሺዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ!”

“ደግሞ ምን መጣ?”

“የሳምሪ ማመልከቻ! የእርዳታው! ኮሌጁ ዛሬ ካልገባ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ብሎ ጽፎላታል። አሁን ከፈተና ስትመለስ ነው የነገረችኝ። ረሳሁት! በምን ጭንቅላቴ ላስታውሰው?”

“ጀምራው አልነበረም እንዴ?”

“የራሷን ጨርሳለች። የወላጅ ላይ ስትደርስ ቆማለች።”

የወላጅ ገጽ ላይ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የወላጅ የትዳር ሁኔታ ነው።

“ባለትዳር በይና እለፊው” አለች ሙሉ ቀስ ብላ፣ ፊቴን ሳታይ።

“ሙሉዬ፣ ባለትዳር ካልን የባልሽን ገቢ ይጠይቃል። ፊርማውን ይጠይቃል። ከየት እናምጣው?”

“ሌላ ጊዜ እናስተካክለዋለን።”

“ከታች ‘የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው’ ብለሽ ነው እኮ የምትፈርሚው። ኋላ ሲታወቅ እርዳታውን ነው የሚከለክሏት።”

ሙሉ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። “አንድ ሌሊት” አለች። “አንድ ሌሊት ብቻ ነው እኮ የቀረን። እስካሁን ችዬ አንድ ሌሊት ላይ ልዋረድ?”

ለጋሽ በቀለ ደወልንላቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው።

“ኢንተርኔት ጠፍቷል በሏት” አሉ።

“ጋሽ በቀለ፣ ስልኳ ላይ ኢንተርኔት አለ።”

“ስልኳን ደብቁባት።”

“ኧረ እርስዎ ደግሞ!”

“እንግዲያው ልጅቷን ወደ ሱቅ ላኳትና ሳታይ ሙሉት። በምንም ዓይነት ዛሬ እንዳትሰማ። ግርማ መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ለነገ ተጠርቷል። ወግ አለው እኮ ይሄ ነገር፣ የሺ።”

እሺ ብለን ወጣን። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ነው የወጣነው። ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ምን ብዬ ልጅቷን እንደማስወጣት አስባለሁ። ሰው ልጅ ኮሌጅ ለማስገባት እንደ ሌባ ሲዶልት አይቼ አላውቅም።

ሳምሪ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። ተነስታ ሳመችኝ። ፊቷ ቀጥኗል፤ የፈተና ነው ብዬ አለፍኩት።

“እንኳን ጨረስሽ የኔ ቆንጆ! እንዴት ነበር?”

“ኦኬ ነበር፣ እትዬ የሺ።”

“በይ እስኪ ወርደሽ ወተት ግዢልን። እኔና እማዬ የቀረውን እንጨርሰዋለን።”

“ወተት አለ።”

“እ… ዳቦስ?”

“ዳቦም አለ። ደግሞ በየገጹ ኮድ ይልካል፣ የሚልከው በእኔ ስልክ ነው። እኔ ከሌለሁ ሰብሚት ማድረግ አትችሉም” አለችና ወንበር ሳበችልኝ። “ነይ ቁጭ በይ።”

ሙሉ በዓይኗ ለመነችኝ። ከዚያ ለሺፍቷ ልትለባብስ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሸሸች ነው የሚባለው። አልፈረድኩባትም፤ እኔም መሸሻ ባገኝ እሸሽ ነበር።

ከልጅቷ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ ላይ የሙሉ ስም ተጽፏል፤ የልደት ቀኗ ተጽፏል፤ ከሥሩ የትዳር ሁኔታ የሚለው ባዶ ነው። ቀስቷን ስትጫኗት ምርጫዎቹ ይዘረገፋሉ፤ ያገባች፣ የተፋታች፣ ተለያይታ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት። ማውሱን ያዝኩት። መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ።

“ይሄን እንለፈውና መጀመሪያ ገቢዋን እንሙላ” አልኩ።

“አያሳልፍም። ሞክሬዋለሁ።”

“እንግዲያው… ሻይ ጠጥተን…”

“እትዬ የሺ” አለች።

“አቤት።”

“ደክሞሻል አይደል?”

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ስለነበር መልስ አጣሁ። እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ማውሱን ቀስ ብላ ወሰደችብኝ። ቀስቷን ተጫነች። ምርጫዎቹ ወረዱ። መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ባሏ የሞተባት የሚለውን፣ መረጠች። ከዚያ እጇን ከማውሱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ሳምሪ…” አልኩ።

“ቀስ በይ፣ ትሰማለች” አለች ወደ መኝታ ቤቱ በር እያየች።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም። ትምህርት ቤታቸው ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎታል። ሻማ አለው፣ ‘ነፍስ ይማር መምህራችን’ ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። መውረጃዬ አለፈኝ። መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄጄ ሹፌሩ ‘አር ዩ ኦኬ’ ሲለኝ ነው የነቃሁት።”

“መቼ?”

“ያው በሰሞኑ። እናንተ ባወቃችሁ ማግስት ይመስለኛል። ያን ቀን ቤት ስገባ እማዬ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ፓስታ ሠርታ ጠበቀችኝ። እማዬ ሊፕስቲክ ተቀብታ ታውቃለች?”

አታውቅም። ያን ቀን የተቀባችው የእኔን ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቶ ስለነበር እኔ ነኝ የቀባኋት።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም የኔ ልጅ? ብቻሽን?”

ትከሻዋን ነቀነቀች። እንባ አልነበራትም። እንቅልፍ ያጣ ሰው አነጋገር ነበር የምትናገረው።

“እማዬን ቀጥ አድርጎ የያዛት ነገር አለማወቄ ነው። እኔ ካወቅኩ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ኢክዛም ብወድቅ ‘በእኔ ምክንያት ነው’ ትላለች። ስለዚህ ዝም ብዬ ጥናት ላይ ነኝ እላለሁ። ሌሊት መሬት ላይ ተኝታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እሷ እንዳልሰማ ትራሱን ትነክሳለች፤ እኔ እንዳልሰማኋት የጆሮ ማዳመጫ አደርጋለሁ። ዘፈን የለውም፣ እንዲሁ ነው የማደርገው።”

እኔ እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ትልቋ ሴትዮ፣ መካሪዋ፣ ወተት ግዢልን ባይዋ።

“ማመልከቻውንም ለዚህ ነው ያቆየሽው?”

“እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ምን ልበል? ማሪድ ብል ውሸት ነው። እውነቱን ብል እማዬ መፈረም አለባት፤ ታየዋለች።” ወደ እኔ ዞረች። “እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ጠይቂኝ።”

“ነገ ነው አይደል የምትነግሩኝ? አጎቴ ግርማ ለግራጁዌሽን ነው የምመጣው ብሎኛል፤ ግራጁዌሽኑ እኮ ገና ሳምንት ነው።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ሲነግሩኝ ምንድን ነው የማደርገው? መርዶ ሲነገር አይቼ አላውቅም። መጮህ አለብኝ? መውደቅ አለብኝ? እንዳላወቅኩ እንዲመስል ነው። ሰው ሁሉ ከሩቅ እየመጣ… እማዬ እንዳታፍር። አሳዪኝ።”

እናንተ ምን ትሏት ነበር? የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የአባቷን ሞት ስትሰማ እንዴት እንደምትደነግጥ ልለማመድ እያለችኝ ነው። እቅፍ አደረግኳትና “ምንም አታደርጊም፣ ምንም” ብቻ አልኳት።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሙሉ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ስንተቃቀፍ ስታይ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ያቺን ፈገግታዋን ለበሰች።

“ምነው? አለቀ እንዴ?”

“ያንቺ ፊርማ ብቻ ቀረ” አለች ሳምሪ። ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። ፍቃድ እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገባኝ። እዚያች ላይ “ቆይ፣ ነገ ይሁን” ማለት እችል ነበር። ጋሽ በቀለ ትዝ አሉኝ፣ መንገድ ላይ ያለው ግርማ ትዝ አለኝ። ግን አፌ እምቢ አለኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

ሙሉ እኔ ከነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“የት ጋ ነው የምፈርመው?”

“ከመፈረምሽ በፊት እይው፣ እማዬ።”

“እኔ ምኑን አየዋለሁ፣ እናንተ አይታችሁታል።” እንዲህ ትበል እንጂ ጣቷ ስክሪኑ ላይ መውረድ ጀምሮ ነበር። ስሟን አለፈች። የልደት ቀኗን አለፈች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ሙሉ እንግሊዝኛ እንደ ልቧ አታነብም፤ “ማሪድ”፣ ያገባች፣ የምትለዋን ቃል ግን በመልኳ ታውቃታለች፤ ለደረጀ ጉዳይ በሞላችው ወረቀት ሁሉ ላይ ስታያት ኖራለች። ይህችኛዋ እሷ አይደለችም።

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

“ይሄ ምንድን ነው የሚለው?” አለች።

ሳምሪ ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች። ሁለት እጆቿን ያዘቻቸው።

“ባሏ የሞተባት ነው የሚለው፣ እማዬ።”

“አባዬ ሞቷል” አለች ልጅቷ። “አውቃለሁ። ቆየሁ ካወቅኩ። አይዞሽ፣ ፈተናዬን ጨርሻለሁ። አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።”

ሙሉ ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያ ሁሉ ቀን ቧንቧዬ የዋጠው ድምፅ ወጣ። “ደረጀዬ!” ብላ ስትጮህ ሕንፃው የተሰነጠቀ መሰለኝ። ሳምሪም ወለሉ ላይ ወርዳ ከእናቷ ጋር ተጣበቀች። እንዴት እንደሚለቀስ አሳዪኝ ስትለኝ የነበረች ልጅ ማንም አላሳያትም፤ ሆዷ አሳያት። ጎረቤታችን ቤንጋሊዋ ሴትዮ በር አንኳኩታ ገባች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ጫማዋን አውልቃ ሙሉን ከኋላዋ ደግፋ ያዘቻት። ደረት ሲደቃ ለማወቅ አማርኛ አያስፈልግም።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ጸሐይዋ ከመስኮቱ ዞራ ነበር። ለሙሉ መሥሪያ ቤት ደውዬ እንደማትገባ ነገርኩላት። ከሁሉም የማልረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሳምሪ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ላፕቶፑን ወለሉ ላይ አወረደችው።

“እማዬ” አለች በሰለለ ድምፅ፣ “ቦታዬ እንዳያመልጠኝ። ኮዱን አነብልሻለሁ፣ እሱን ጽፈሽ ፈርሚ።”

ሙሉም ፈረመች። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጥቁሩ ካናቴራ በሥራ ልብሷ አንገት ብቅ እንዳለ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እንዳለ፣ አንድ በአንድ ቁጥሮቹን ጻፈች። የመጨረሻዋን ከነካች በኋላ “አለቀ?” አለች። “አለቀ” አለቻት ልጇ። የሥራ ልብሷን እዚያው አውልቃ ጣለችው፤ ከእንግዲህ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ በቀለ በጥቁር ኮትና በጥቁር ባርኔጣ፣ ግርማንና ሰው አስከትለው በሩን ሲያንኳኩ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሲለማመዱት ያደሩት ንግግር ጉሮሯቸው ላይ እንዳለ ያስታውቃል። ሳሎን ሲገቡ ፍራሽ ተነጥፎ፣ እናትና ልጅ ጥቁር ለብሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሳምሪ ዓይን አብጧል። ጋሽ በቀለ ደርቀው ቆሙ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሙሉን በቁጣ አዩ።

“ማን ነገራት?”

ሙሉ ቀና አለች።

“እሷ ናት የነገረችኝ” አለች።

ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እዚያው በር አጠገብ ያለው የጫማ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው በር ላይ በማለዳ እንደቆሙ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ለእሳቸው ማን አልቅሶላቸው ያውቃል? ልጅቷ ናት ተነስታ ውሃ ያመጣችላቸው።

እርዳታው ነሐሴ ላይ ተፈቀደ። አንድ ወላጅ ብቻ ስላላት ስጦታው ካሰብነው በለጥ ብሎ መጣ። ሙሉ ይህን ስትሰማ ደስ ይበላት ይክፋት ግራ ገብቷት ልጇን አየች። ሳምሪ “አባዬ ነው የከፈለው” አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አሁን በየጠዋቱ ከኔ ጋር በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን። አንዳንዴ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች።

ወጋችን ክፉ ነው ልላችሁ አይደለም። ሰው በጨለማ ስልክ ተደውሎለት ብቻውን እንዳይወድቅ፣ ወገን በዙሪያው ቆሞ እንዲደግፈው የተበጀ ነው። ግን በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ሞቶባቸው፣ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ለየብቻቸው ሲያለቅሱ ከረሙ። አንዷ ለሌላዋ ብላ። የሚደብቅ ሰው የሚያሳርፍ ይመስለዋል። እኔ በዚያ ሰሞን ያረፈ ሰው አላየሁም።

ያኔ፣ በመርዶው ማግስት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለበረከት፣ ለካልጋሪው ልጄ ደወልኩ። “ደህና ነሽ እማ?” አለኝ እንደ ወትሮው። ደህና ነኝ ልል አፌን ስከፍት የሳምሪ ዘፈን የሌለው የጆሮ ማዳመጫ ትዝ አለኝና ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ “አፖይንትመንቱ መቼ ነው?” አለ። “ሥራህስ?” ብለው፣ “እማ፣ ፕሊስ” ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ከእንግዲህ አልደብቅም ብያለሁና ውጤቱን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ክፉ አልሆነም፣ ግን በየጊዜው ይታያል ተብያለሁ። የቀጠሮው ቀን በረከት ሌሊቱን በርሮ መጥቶ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ጢም አብቅሏል። ካየሁት ቆይቻለሁ። እጄን ይዞ፣

“ደክሞሻል እማ?” አለኝ።

ያን ጥያቄ ከአንዲት ልጅ ሰምቼው መልስ አጥቼለት ነበር።

“አዎ” አልኩት። “ደክሞኛል።”